የበለዘ ጥርስ የማን ጥፋት ነው? ከአዳማ ወላጆች መድረክ የተሰበሰበ ክር

ይህ ጥያቄ መድረካችን ላይ ደጋግሞ ይመጣል። አዲስ የገባ ወላጅ ሁሉ ከዜሮ ስለሚጀምር ረዥሙን ክር፣ ጥያቄውን ከነመልሶቹ፣ በራሴ አነጋገር ሰብስቤ እዚህ አስቀምጬዋለሁ። የመላሾቹን ስም ትቻለሁ። ሰላምታውን፣ ምርቃቱን፣ የኔም ልጅ እንደዛው ነው ከማለት ያላለፉትን ሁሉ ዘልያለሁ። ስለዚህ ቁጥሩ የኔ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን የክሩ ነው። እዚህም እዚያም አስተያየቴን ጣል አድርጌያለሁ።

የመክፈቻው ጥያቄ

ጠያቂዋ የሁለት ልጆች እናት ናት። የምትኖረው ከከተማው ዳር፣ ወደ ወንጂ መውጫው በኩል ነው። ትልቋ ልጇ አንደኛ ክፍል ገብታለች። የወተት ጥርሶቿ ምንም አልነበረባቸውም። እነሱ ወልቀው የበቀሉት የፊት ጥርሶች ግን ገና ሲወጡ ነጣ ነጣ ያለ መስመር ይታይባቸው ነበር፤ እየቆዩ በለዙ። ጠዋትና ማታ ታስቦርሻታለች። አልለቅ ሲላት በሎሚና በጨው፣ ቀጥሎ በተፈጨ ከሰል አሸችው። ምንም የለም። ትምህርት ቤት ልጆች ስለሚያሾፉባት ልጅቷ አሁን ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ቡና ላይ ደግሞ ጎረቤቶች በነገር ይወጓታል፤ አንዷ ከረሜላ አበዛሽባት ትላታለች፣ ሌላዋ ንጽሕናዋን አልጠበቅሽም ትላታለች።

ጥያቄዋ ሁለት ነው። ጥፋቱ የሷ ነው ወይ? ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ትንሹ ልጇስ ከዚህ ይተርፍላት ይሆን?

መልስ 1

የመጀመሪያዋ መላሽ ጠያቂዋን አጽናንታ ነው የጀመረችው። የሦስት ልጆች እናት ናት። ጥርስ የሚበልዘው ውሃው ውስጥ ባለ ቆሻሻ ነው ብላ ታምናለች። ምክሯም አጭር ነው፤ ውሃውን በደንብ ማፍላት፣ ከፈላ በኋላም ረዘም ላለ ጊዜ ማንተክተክ፣ አቀዝቅዞ መስጠት። በቅንነት የተሰጠ ምክር ነው። ክሩን ያጋጋለውም እሱ ነው።

መልስ 2

ዕድሜያቸው ገፋ ያለ አንዲት እናት ጣፋጩን ወቀሱ። በሳቸው ልጅነት ከረሜላ ለዓመት በዓል ብቻ ነበር። ብሩሽ አያውቁም፤ የወይራ መፋቂያ ነበር፤ ጥርሳቸውም እስከ ዛሬ ነጭ ነው። ያደጉበትን አገር የጠየቃቸው ሰው ነበር። አርሲ፣ ደጋው ላይ መሆኑን ነገሩት። ይቺን ነገር ያዟት፤ ኋላ ትፈለጋለች።

መልስ 3

ወንጂ ተወልዶ ያደገ አባት ነው። ስኳር ፋብሪካው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1954 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሠራተኛ በየካምፑ የጉድጓድ ውሃ ሲጠጣ ኖሯል። እሱ በተማረበት ክፍል ያልበለዘ ጥርስ ያለው ልጅ ብርቅ ነበር። የሚቦርሸውም የማይቦርሸውም እኩል በልዞ ነበር። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው ሲስቅ ካየ፣ የአገሩ ልጅ መሆኑን ለማወቅ ስሙን መጠየቅ እንደማያስፈልገው ጻፈ። ከዚያ ቀልዱን ተወው። ያንን ውሃ ለብዙ ዓመታት ጠጥተው ወገባቸው አልታጠፍ፣ አንገታቸው አልዞር ያላቸው አዛውንቶችን ያውቃል። ለጠያቂዋ የነገራት አንድ ነገር ነው፤ ይሄ የብሩሽ ጉዳይ አይደለም።

እኔ ብሆን ክሩ እዚህ ላይ በረድ ይል ነበር። አላለም።

መልስ 4

ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ገባች። ነገሩ ፍሎራይድ ነው አለች፤ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ማዕድን ነው። ስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ አገር ነው። የከርሰ ምድሩ ውሃ በዚያ ዓለት ውስጥ ሲንሸራሸር፣ በተለይ ሙቀት ካገኘው፣ ፍሎራይዱን እያሟሟ ይመጣል። ውሃው ውስጥ ካልሲየም ቢበዛ ኖሮ ፍሎራይዱን ይዞ ያስቀረው ነበር፤ የኛ ውሃ ግን ካልሲየሙ አነስተኛ ነው። ለዚህ ነው እንደነ ሻላና አቢጃታ ያሉ ሐይቆች በፍሎራይድ የከበዱት። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ በእጥፍ ድርብ ያልፋሉ። ደጋው ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ዝቅተኛ ነው። የአርሲዋ እናት ጥርስ ነጭ የሆነው በወይራው ብቻ እንዳልሆነ በትሕትና ጠቆመች።

ትሕትናው መልስ 1 ላይ ስትደርስ አለቀ። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አይነካም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲሄድ ፍሎራይዱ እዚያው ይቀራል፤ የቀረው ውሃ ይብስበታል። ልጅ የሚጠጣውን ውሃ ረዥም ሰዓት አንተክትኩ ብሎ መምከር ጉዳት ነው አለች። ሳይጠየቁ መምከር ይቅር የሚል ነገርም ጨመረችበት።

መልስ 5

የመጀመሪያዋ መላሽ ተመለሰች፤ ተቆጥታለች። ልጆቿን ያሳደገችው የተማረ ሰው ሲያዛት ሳይሆን እናቷን እያየች ነው። ትናንት አፍሉ ሲሉ የነበሩት ራሳቸው የጤና ባለሙያዎች አይደሉም ወይ? ዛሬ ደግሞ ማፍላት መርዝ ሆነ? ለማን እንደምትታዘዝ ግራ እንደገባት ጻፈች።

አነጋገሯ ቢከርም እውነት አላት። ለዓመታት በየግድግዳው የተለጠፈልን ስለ ተቅማጥ ነበር፤ ስለ ፍሎራይድ የለጠፈልን አልነበረም።

መልስ 6

ነርሷ ለስለስ ብላ ተመለሰች። የውሃው ንጽሕና ካጠራጠረ ማፍላቱ አይቀርም፤ ተቅማጥ ትንሽ ልጅ ይገድላል፣ የበለዘ ጥርስ አይገድልም። ግን ከፈላ ይበቃል፤ ከድኖ ማውጣት ነው። ውሃ አጋርም እንደዚሁ ነው፤ ክሎሪኑ ለጀርም እንጂ ለፍሎራይድ አይሠራም። በሸክላ ወይም በአሸዋ የሚሠራው የቤት ማጣሪያም ድፍርሱን ያጠራል፣ ፍሎራይዱን ያሳልፋል። ውሃ ኩልል ብሎ ሊታይ፣ ጣዕሙም ጥሩ ሊሆን፣ ፍሎራይዱም ከመጠን በላይ ሊሆን ይችላል። በዓይን አይታይም፣ በምላስ አይለይም።

መልስ 7 እና 8

አንድ አባት ታዲያ የቧንቧው ውሃ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀ። ከፖስታ ቤት አካባቢ የጻፈ ሌላ ሰው መለሰለት። የአዳማ የቧንቧ ውሃ በዋናነት ከአዋሽ ወንዝ ተስቦ የሚጣራ ነው። የወንዝ ውሃ እንደ ጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ከዓለቱ ጋር ብዙ ስለማይቆይ በፍሎራይድ በኩል የተሻለ ነው። ችግሩ ፈረቃው ነው። ውሃ ሲጠፋ ሁሉም በጋሪ የሚመጣውን ጄሪካን ይገዛል። ባለጋሪው ከየት እንደቀዳው ማን ይጠይቀዋል? አንድ ቀን ከቦኖ፣ ሌላ ቀን ከግለሰብ ጉድጓድ ይሆናል። ጠያቂዋም ከታች ገብታ፣ እነሱ ሰፈር ቧንቧ ሳይገባ በፊት ብዙ ዓመት የጋሪ ውሃ ሲጠጡ እንደነበር አረጋገጠች።

መልስ 9

በኔ ግምት ከክሩ ሁሉ ዋናው ይሄ ነው። ሌላውን ለማንበብ ጊዜ የሌለው ይቺን ያንብብ።

የጥርስ ሐኪም ነኝ ያለ ሰው ነው የጻፈው። ፍሎራይድ ጥርስን የሚያበላሸው ጥርሱ ከድድ ውጭ ሆኖ በምናየው ጊዜ አይደለም። ገና ድድ ውስጥ ተደብቆ የላይኛው ሽፋኑ ሲሠራ ነው። የቋሚዎቹ የፊት ጥርሶች ሽፋን መሠራት የሚጀምረው ልጁ በተወለደ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው፤ እስከ አራትና አምስት ዓመቱ ይቀጥላል። በተለይ የሚያሰጋው ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ጥርሶቹ ብቅ የሚሉት ግን በስድስትና በሰባት ዓመት ነው። ስለዚህ ዛሬ አንደኛ ክፍል ያለችው ልጅ አፍ ውስጥ የሚታየው፣ ገና አፏን ስትፈታ የጠጣችው ውሃ ነው። ዛሬ ብታስቦርሺያት ባታስቦርሺያት ያ አይለወጥም።

የወተት ጥርሶቹ ነጭ የነበሩትም ለዚሁ ነው። አብዛኛው ሥራቸው የሚያልቀው በእርግዝናና ልጁ ጡት በሚጠባበት ጊዜ ነው፤ የእናት ጡት ደግሞ ፍሎራይዱ እጅግ ትንሽ ነው። ብዙ እናት ነጭ የወተት ጥርስ አይታ ተረፍን ብላ የምትዘናጋው እዚህ ላይ ነው። ከስምንት ዓመት ወዲያ ደግሞ፣ ከመጨረሻዎቹ መንጋጋዎች በቀር ጥርሱ ተሠርቶ ስላለቀ አዲስ አይበልዝም። ትልቋን በሚመለከት ጊዜው አልፏል ማለት ነው። ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ትንሹ ግን አሁን ዋናው ወቅት ላይ ነው። ጭንቀትሽን ሁሉ ወደሱ ውሃ አዙሪው ብሎ ጨረሰ። ሎሚና ከሰሉን ግን ዛሬውኑ እንድታቆም አጥብቆ ተናገራት፤ ሎሚው ሽፋኑን ይበላዋል፣ ከሰሉ ይፍቀዋል፣ ብልዘቱን አይነኩትም።

መልስ 10 እስከ 12

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ዘነበ። የዱቄት ወተት የምትበጠብጥ እናት ስለ ውሃው ጠየቀች። ሐኪሙ የሷ ልጅ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ እንደሚያሻው ነገራት፤ ጡት የሚጠባ ልጅ ውሃውን በናቱ በኩል ተጣርቶ ነው የሚያገኘው፣ የዱቄት ወተት የሚጠጣው ግን በቀጥታ ነው። አጥሚትና ገንፎውም እንደዚያው ነው። በታሸገ ውሃ እበጥብጣለሁ ለምትል፣ ጠርሙሱ ላይ የማዕድኑን መጠን የሚዘረዝሩ ስላሉ ፍሎራይድ የሚለውን መስመር ታንብብ።

ሌላዋ ሻይን አነሳች። ትንሽ ልጅን ጠዋት በሻይ ዳቦ ነክሮ ማብላት የኛ ቤት ልማድ ነው። የሻይ ተክል ፍሎራይድን ከአፈሩ ስቦ ቅጠሉ ላይ ያከማቻል፤ በጋሪ ውሃ ላይ ሻይ ሲጨመርበት ድርብ ሆነ ማለት ነው። በሻዩ ፋንታ ወተት ቢሆን፣ ካልሲየሙ ከፍሎራይዱ ከፊሉን ይይዘዋል። የወተት ዋጋ ስንት እንደደረሰ ታውቂያለሽ ወይ ያለ ሰው ወዲያው ተነሣ። ክሩ ለተወሰነ ጊዜ የወተት ዋጋ ገበያ ሆኖ ነበር፤ ያንን ዘልዬዋለሁ።

የጥርስ ሳሙናም ተነሣ። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ ታህል፣ ከዚያ በላይ የአተር ፍሬ ታህል ትበቃለች። ማስታወቂያ ላይ እንደሚታየው ብሩሹን ሙሉ መቀባት አያስፈልግም፤ ልጅ ጣፋጭ ሲሆንበት ይውጠዋል።

መልስ 13

ወደ ማጣሪያው ዞርን። መሐንዲስ ነኝ ያለ ወጣት ፍሎራይድን የሚያስወግዱትን ቆጠረ። አንደኛው በግፊት ውሃውን ስስ ሽፋን ውስጥ የሚያሳልፈው ማሽን ነው፤ ይሠራል፣ ግን ውድ ነው፣ የሚደፋው ውሃም ብዙ ነው። ሁለተኛው በአልሙኒየም ሰልፌትና በኖራ አዘቅጦ መለየት ነው፤ ሕንድ አገር የተጀመረ ዘዴ ነው። በየቀኑ መመጠንና አተላውን መድፋት ይጠይቃል፤ መጠኑን ያልተማረ ሰው ቤት ውስጥ ባይሞክረው ይመረጣል። ሦስተኛው የአጥንት ከሰል ነው። የከብት አጥንት በከፍተኛ ሙቀት ይቃጠልና ውሃው በሱ ውስጥ ያልፋል። በስምጥ ሸለቆ ገጠሮች ተሞክሯል።

መልስ 14 እስከ 16

አጥንት የሚለው ነገር ከተጻፈ በኋላ ክሩን የያዘው የለም። አንዷ የምን እንስሳ አጥንት እንደሆነ፣ ማን እንዳረደው ጠየቀች። ሌላው በጾም እንዴት ሊሆን ነው አለ፤ ሑዳዴን ሙሉ በአጥንት የተጣራ ውሃ ሊጠጣ? ወጣቱ ተቃጥሎ ከሰል የሆነ ነገር ሥጋም ስብም እንደሌለበት ሊያስረዳ ሞከረ። ቄስ ጠይቅ፣ ሼክ ጠይቅ ተባባሉ። አንዱማ የሚሾፍ መስሎት ስለ ጾመኛ ጄሪካን ቀለደና ተሰደበ። አድሚኗ ሁለት መልስ አጠፋች።

ቀልዱን ትተን፣ ጭንቀቱ ተራ አይደለም። ሰው ያልተቀበለውን ማጣሪያ ማንም አይጠጣበትም፤ ግቢ ጥግ ላይ አቧራ ይጠጣል። ይሄንን ከሊቅነት ሳይሆን ከጎረቤት ቤት ነው የማውቀው።

መልስ 17

አንዲት የገንደ ጋራ ሰፈር እናት ሁሉንም ወደ መሬት መለሰቻቸው። ለቤቱ ሁሉ ውሃ ማጣራት ለምን አስፈለገ? ልብስ ማጠቢያው፣ ዕቃ ማጠቢያው፣ ገላ መታጠቢያው የፈለገው ይሁን፤ ፍሎራይድ በቆዳ አይገባም። ትንሽ ልጅ የሚጠጣውና የሚበስልለት በቀን ቢበዛ ሁለት ሦስት ሊትር ነው። እሷ ክረምት ላይ ከቆርቆሮው ጣሪያ በአሸንዳ ሮቶ ውስጥ ታጠራቅማለች። የዝናብ ውሃ ዓለት ስላልነካው ፍሎራይዱ ከቁጥር አይገባም። የመጀመሪያውን ዝናብ ጣሪያውን እንዲያጥብ ትታ ትደፋዋለች፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ትይዛለች፣ ለልጅ ስትሰጥ አፍልታ ነው። በጋ ላይ ቧንቧ በመጣ ቀን የልጆቹን ለብቻ ትቀዳለች። ወጪዋ ሮቶውና አሸንዳው ነው።

የአዳማ አቧራ ጣሪያ ላይ እንዴት እንደሚከመር ያስታወሳት ነበር። ለዚያ ነው የመጀመሪያውን የምደፋው ብላ ቆረጠችው።

መልስ 18 እስከ 20

ርእሱ እዚህ ተንሸራተተ። አንዲት ወጣት እናት የሰባት ወር ልጇ ተቅማጥና ትኩሳት እንዳለበት፣ አማቷ ያመመው ጥርሱ ስለሆነ ይነቀል እያሉ እንደሆነ ጻፈች። ጥርስ ተብሎ ጥርስ ካነሳን አይቀር ብላ ነው። ነርሷ ወዲያው ኮስተር አለች። ድዱን ቀዶ ያልበቀለ የወተት ጥርስ ማውጣት፣ እንጥል ማስቆረጥም እንዲሁ፣ ለደም መፍሰስና ለመመረዝ ያጋልጣል። ከሥር ያለውን ቋሚ ጥርስም ያበላሻል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊትን እንደሚቀጣም አስታወሰች። ተቅማጡ የሚመጣው ልጁ በዚያ ዕድሜ መዳህና ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ መክተት ስለሚጀምር ነው። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥብጣ እየሰጠች ዛሬ ማታ ሳይሆን አሁን ጤና ጣቢያ ትሂድ።

መልስ 2 ላይ የነበሩት እናት የሳቸው ልጆች ሁሉ ተነቅለው እንዳደጉ ሊናገሩ ሲጀምሩ፣ ያልጠበቅኩት ሰው አቋረጣቸው። መልስ 1 ናት። የእህቷ ልጅ ከተነቀለ በኋላ ደሙ አልቆም ብሎ ሆስፒታል ውስጥ እንደሰነበተ ነገረቻቸው። እማማ በዚህስ አይምጡብን አለች። ነርሷና እሷ ከዚያ ወዲህ አልተነካኩም።

መልስ 21

አንድ አባት ዘግይቶ ገባና እናቶች ስልክ ላይ ተጥደው ስለሚውሉ ነው ልጅ ጥርሱ የሚበልዘው አለ። ከላይ ያለውን አላነበበም። የወንጂው አባት ነው የመለሰለት፣ ሳያለሳልስ። የምትጠጡበትን ጉድጓድ የቆፈረችው ሚስትህ ናት ወይ? ልጅህ ሁለት ዓመት ሲሆነው የቤቱ ውሃ ከየት እንደሚቀዳ ታውቅ ነበር? አባትየው አልተመለሰም። ብዙ የልብ ምልክት ተደረገለት፣ ለወንጂው ማለቴ ነው።

መልስ 22

ሐኪሙ ስለ ትልቋ ልጅ ጨመረ። ቀለል ያለ ብልዘት ላይ ላዩን በስሱ ተፍቆ ይቀንሳል፤ ጠለቅ ያለው በጥርስ ቀለም በሚሞላ ነገር ይሸፈናል። ሙሉ ሽፋን ማስለበስ ግን ጥርሱና ድዱ እስኪረጋ፣ ልጅቷ ከፍ እስክትል ይቆይ። መንገድ ዳር አነጣለሁ ለሚል አይሰጧት። እስከዚያው መቦረሹ ይቀጥል፤ የበለዘና የተቦረቦረ ሽፋን ከተበላሸ ለመጠገን ይብሳል። የሚያሾፉባትን በሚመለከት ለአስተማሪዋ ምክንያቱን መንገር ይረዳል። ግማሹ ክፍል ያው ውሃ የጠጣ ስለሆነ አስተማሪዋንም ብዙ አይገርማት ይሆናል።

መልስ 23

ጠያቂዋ ተመልሳ አመሰገነች። ለትንሹ የሚሆን ለብቻው ቢጫ ጄሪካን ገዝታለች፤ ቧንቧ በመጣ ቀን ትሞላዋለች። ክዳኑ ላይ ቀይ ጨርቅ አስራበታለች። ሻዩን አቁማለች። ትልቋን የጥርስ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዛላታለች። አንድ ችግር ብቻ ቀርቷታል። አማቷ ያ ውሃ ጣዕሙ ይሻላል ብለው ጀበናውን የሚሞሉት ከሱ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጄሪካኑ ባዶ ይሆናል።

መልስ 24 እስከ 27

አንዷ ቁልፍ አድርጊበት አለች። ሌላዋ አማት ላይ ቁልፍ ይደረጋል ወይ ብላ ደነገጠች። የገንደ ጋራዋ ለሳቸውም ሌላ ጄሪካን ግዢላቸውና ሰማያዊ ጨርቅ እሰሪበት አለች። የአርሲዋ እናት ግን ከአማቲቱ ጎን ቆሙ፤ በክፉ ውሃ የተፈላ ቡና ምኑን ቡና ይባላል? መሐንዲሱ በዚያው የሮቶ ዋጋ ስንት እንደገባ ጠየቀ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የሮቶ ነው።